የኮሎኔሉ ግምገማ

አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ «ነገ ጠዋት አንድ ኮሎኔል ልትገመግሚ ትሄጃለሽ» ሲለኝ ሳቅኩ። የምሩን አልመሰለኝም ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ነጃት እባላለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ አሰላ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከከፈተ በኋላ የተወለድኩ የአሰላ ልጅ ነኝ። ቤት ውስጥ ስልጥኛ፣ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። ሕግ ተምሬ እዚያው አሰላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ውል ማርቀቅ፣ የሠራተኛ ዲሲፕሊን ክስ ማየት፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት መቆም ነበር። ስለ ወታደር የማውቀው በቴሌቪዥን የማየውን ያህል ብቻ ነው። ፈሪ ሴት አልነበርኩም፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የምር የሚያስፈራ ነገርም ገጥሞኝ አያውቅም።

ጊዜው በሰሜን ጦርነቱ የተፋፋመበት ነው። አሰላ ውስጥ ጥይት አልተተኮሰም፤ ነገር ግን ጦርነቱ በየቤቱ ገብቶ ነበር። በሰፈራችን ልጁ ያልዘመተበት ቤት አልነበረም።

«ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው» አለኝ አለቃዬ። «ሰብሳቢው ከማዕከል ይመጣል። አንዱ ከሠራዊቱ ነው። ሦስተኛው ከአካባቢው መሆን አለበት፤ የተመደበው ሰው ታመመ። አንቺ የሕግ ሰው ነሽ፣ ሰው ፊት መናገርም አያስፈራሽም።»

«ኮሎኔሉ ምን አጥፍተው ነው?»

«እሱን እዚያው ትሰሚዋለሽ።» ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «የመምሪያ ኃላፊነትሽ ጉዳይም እኮ ጥሩ እየሄደልሽ ነው። ሰሞኑን ይጸድቃል።»

ማታውን ለባለቤቴ ለከድር ነገርኩት። ከድር የሒሳብ መምህር ነው፤ ብዙ አይናገርም። «ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ዝም ብለሽ ተመለሺ» ብሎኝ ልጆቹን ሊያስተኛ ገባ።

ጠዋት የመጣው መኪና ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ቢንያም ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ አነጋገሩ የሚጥም የፖለቲካ ሰው ነው። ከሠራዊቱ የተወከሉት ሻለቃ ጌታነህ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀረው። ሰላም ካሉኝ በኋላ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከአሰላ ወጥተን ወደ ጎበሳ በሚወስደው መንገድ ስንወጣ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ግራና ቀኙ ቢጫ ነበር። ኮምባይነሮች መንገድ ዳር ቆመው ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቃሉ። ቢንያም ወደ እኔ ዞሮ ጉዳዩን ያስረዳኝ ጀመር።

የምንሄደው ለጦርነቱ ተብሎ በችኮላ ወደተቋቋመ የወታደር ማሠልጠኛ ጣቢያ ነው። የጣቢያው አዛዥ ኮሎኔል ሙሉነህ ይባላሉ። ምልምሎቹን ወደ ግንባር እንዲልኩ ታዘው አልላኩም። «ይህ አንድ ነው» አለ ቢንያም። «ሁለተኛ፣ ባለቤታቸው የሰሜን ሰው ናት፤ ከዚያ ወገን ጋር ግንኙነት ሳይኖራቸው አይቀርም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ምልምሎቹን ሰብስበው 'ይህ ጦርነት የእኛ አይደለም' ብለው ተናግረዋል። ምስክር አለ።»

«ምልምሎቹስ ምን ይሆናሉ?»

«ነገ ጠዋት አውቶቡሶች ይመጣሉ። ግን ያለ አዛዡ ትእዛዝ ከጣቢያው የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ዛሬ አዛዡን እናነሳለን፣ ምክትሉ ይተካል፣ ነገ ልጆቹ ይጫናሉ።»

«የተባለውን ካላገኘንስ?» አልኩት፤ እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት።

ቢንያም ፈገግ አለ። «ወይዘሮ ነጃት፣ ያለቀ ነገር ነው። የእኛ ሥራ ሥርዓቱን ማሟላት ነው። ሦስታችን ፈርመን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን።»

ሻለቃ ጌታነህ የተኙ መስሎኝ ነበር። ያን ሲል ግን ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ አየሁ። 

ጣቢያው ድሮ የመንግሥት እርሻ የነበረ ሜዳ ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የእህል መጋዘኑ የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል፤ ሰው ሲረግጠው ከወለሉ ስንጥቅ የስንዴ ብናኝ ይነሣል። ፊት ለፊት ለእኛ ሦስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል። መኮንኖቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። ኮሎኔሉ ለብቻቸው በጎን በኩል አንድ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ረጋ ብለው ተቀምጠዋል።

ቢንያም እኛን አስተዋወቀና ግምገማው ተጀመረ። ግምገማ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው እየተነሣ ስለ ተገምጋሚው ያለውን ይላል፤ በመጨረሻ ተገምጋሚው ራሱን ይተቻል፤ ከዚያ ውሳኔው ይነበባል። ብዙ ጊዜ ውሳኔው መጀመሪያውኑ ተጽፎ ኪስ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ የተነሡት አንድ ሻምበል ነበሩ። «ኮሎኔሉ የአመለካከት ችግር አለባቸው። ቁርጠኝነታቸው የወረደ ነው» አሉና ሊቀመጡ ሲሉ እጄን አነሣሁ። ቢንያም ገርሞት ፈቀደልኝ።

«ሻምበል፣ ይህን ከምን ተነሥተው ነው የሚሉት?»

«ከአጠቃላይ ሁኔታቸው።»

«አንድ ነገር ይንገሩኝ። ምን ሲያደርጉ አዩ? ወይስ ምን ሲሉ ሰሙ?»

ሻምበሉ ወደ ቢንያም አዩ፤ ከዚያ ወደ ኮሎኔሉ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «ያው... ፊታቸው ላይ ይታያል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነው። ሻምበሉ እንደ ቲማቲም ቀልተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተነሡትንም ሁሉ ያንኑ ጠየቅኩ። ፍርድ ቤት ምስክር የምጠይቀው እንደዚያ ስለሆነ ሌላ አጠያየቅ አላውቅም። አንዱም ያየውን ወይም የሰማውን ሊነግረኝ አልቻለም። ቢንያም በጠረጴዛው ስር እግሬን በጫማው ነካ አደረገኝ። እኔም እግሬን ሰበሰብኩ።

የኮሎኔሉ ተራ ደረሰ። ቢንያም ራሱ ነበር የሚጠይቃቸው።

«ባለቤትዎ የየት አገር ሰው ናቸው?»

«የኢትዮጵያ።»

«የት ተወለዱ ማለቴ ነው።»

«ሰሜን። እዚያ ግዳጅ ላይ ሳለሁ ነው የተጋባነው። አሁን አዳማ ልጆቻችንን ታሳድጋለች።»

«ከዘመዶቻቸው ጋር ይደዋወላሉ?»

ኮሎኔሉ ቀና አሉ። «ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ እናቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። መስመር የሚያገኝላት ሰው ካለ እኔ ራሴ አመሰግነዋለሁ።»

 ቢንያም ወረቀቱን አገላበጠ።

«ምልምሎቹን እንዲልኩ ትእዛዝ ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል።»

«ለምን እምቢ አሉ?»

«እምቢ አላልኩም። ጊዜ ጠየቅኩ። እነዚህ ልጆች ጠመንጃ አያያዝ ተምረዋል። ምሽግ መቆፈር አልተማሩም። ሲተኮስባቸው ተበታትነው መሄድ አያውቁም፤ አንድ ላይ ነው የሚታጨቁት። የቆሰለ ጓደኛቸውን ደም ማቆም ገና አላሳየናቸውም። ሥልጠናቸውን ይጨርሱ፣ እኔው ራሴ ይዣቸው እሄዳለሁ ብዬ መልስ ልኬያለሁ።»

«ይህ አነጋገርዎ የሠራዊቱን ሞራል የሚጎዳ ነው።»

«ሞራል እንዲኖረው መጀመሪያ ሰውየው በሕይወት መኖር አለበት፣ ጌታዬ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ሰውየው የነበረኝ ሐሳብ ተለወጠ። ጥፋተኛ ሆነው ተገኝተው ይሆናል ብዬ ነበር የመጣሁት። ይህ ሰው የፈራው ለራሱ አይደለም።

ያም ሆኖ ሦስተኛው ክስ ገና አልተነካም ነበር። ጦርነቱ የእኛ አይደለም ብለው ከሆነ፣ ባለ ማዕረግ ሰው ምልምል ወታደር ፊት እንደዚያ ካለ፣ እኔም ልከላከልላቸው አልችልም። ይህን ለራሴ ነግሬው ነበር።

«ምስክር ትግባ» አለ ቢንያም።

የገባችው ጫልቱ የምትባል ምልምል ወታደር ናት። ከኦጎልቾ አካባቢ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ጠይም፣ ጠንካራ ሴት ናት። ቆማ ሰላምታ ሰጠችና እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። አማርኛዋ ከሰላምታ የማያልፍ ስለነበር የጣቢያው የፖለቲካ አስተማሪ አቶ ታምራት እንዲያስተረጉም ተደረገ። አቶ ታምራት እዚያው አርሲ ተወልዶ ያደገ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነው።

«ኮሎኔሉ ሰብስበዋችሁ ምን አሏችሁ?» ተብላ ተጠየቀች።

ጫልቱ በኦሮምኛ መለሰች፤ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች። ያለችው ይህን ነው፦ «ይህ ጦርነት ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ የምንማረውን በደንብ እንያዝ አሉን።»

አቶ ታምራት ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመ። «ኮሎኔሉ ሰብስበው 'ይህ ጦርነት የእኛ አይደለም፣ ስለዚህ ራሳችሁን አድኑ' አሉን ነው የምትለው።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ወደ አቶ ታምራት አየሁ። እሱም እኔን እያየኝ ነበር። አሰላ ተወልጄ እንዳደግኩ ጠዋት ስንተዋወቅ ሰምቷል። የተባለውን እንደሰማሁም አውቋል። ዝም እንደምል ግን እርግጠኛ ነበር፤ ከዓይኑ አነበብኩት።

ቢንያም ለጸሐፊው እየነገረ ማስጻፍ ጀመረ። «ምስክሯ እንዳረጋገጠችው...» ጫልቱ ምን እየተጻፈ እንደሆነ ሳታውቅ ቀጥ ብላ ቆማለች። ኮሎኔሉ ኦሮምኛ እንደሚችሉ ከፊታቸው ገባኝ። መንጋጋቸው ሲጠብቅ አየሁ፤ ነገር ግን ተገምጋሚው ሰው አስተርጓሚው ይዋሻል ቢል ማን ይሰማዋል? ከመኮንኖቹ ውስጥም ቋንቋውን የሚያውቁ ብዙ ነበሩ። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ።

 የከድር ምክር ትዝ አለኝ። ኃላፊነቱም ትዝ አለኝ። የልጆቼም ፊት መጣብኝ። ከዚያ በኋላ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«ሰብሳቢ፣ ይቅርታ። ልጅቷ ያለችው ይህን አይደለም።»

የጸሐፊው እጅ ቆመ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ቢንያም።

«'ሰልጳ ሚቲ' ነው ያለችው። ቀላል አይደለም ማለት ነው። 'የእኛ አይደለም' ለማለት ብትፈልግ 'ካን ኬኛ ሚቲ' ትል ነበር። ሁለቱ በድምፅ አይመሳሰሉም። 'ራሳችሁን አድኑ' የሚል ነገርም ከአፏ አልወጣም። የምንማረውን በደንብ እንያዝ አሉን ነው ያለችው።»

አቶ ታምራት ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ እዚሁ አርሲ ነው የተወለድኩት። ኦሮምኛ ከእሷ ልማር ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ቢንያም ጠረጴዛውን በእጁ መታና «ዕረፍት!» ብሎ ተነሣ። ክንዴን ሳይነካ በዓይኑ ብቻ ወደ ውጭ ጠራኝ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ወጣን። ጉሙ ተመልሶ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። በጉሙ ውስጥ ምልምሎች እየዘፈኑ ሲሮጡ ይሰማል፤ አይታዩም። ግድግዳውን ተደግፌ ነጠላዬን ጠበቅ አደረግኩት።

«ነጃት» አለኝ። ጠዋት ወይዘሮ ነበርኩ፤ እርስዎም ነበርኩ። «ምን እያደረግሽ እንደሆነ ገብቶሻል?»

«የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

«የሰማሽው አንድ ቃል ነው። በአንድ ቃል ምክንያት የትልቅ ሰው ትእዛዝ ልታስቀሪ ነው? ውጤቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ያንቺ ሕይወት ነው። ነገ ስለ አንቺም ይጠየቃል። ለምን ተከላከለችላቸው ይባላል።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ» አልኩት፤ እኔም አንተ አልኩት። «ልጅቷ ትጠየቅ እንደገና። የሚተረጉመው ግን ሌላ ሰው ይሁን። እኔ ተሳስቼ ከሆነ ሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እፈርማለሁም።»

«ባይሆንስ?»

«አልፈርምም። ያልፈረምኩበትን ምክንያትም እዚያው ላይ አሰፍራለሁ።»

 ከዚያ ድምፁ ሰው ሰው የሚል ድምፅ ሆነ። «እኔም እኮ አለቃ አለኝ፣ ነጃት። ባዶ እጄን ስመለስ ምን እንደምባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ነገር ግን አንተ ስትመለስ አዲስ አበባ ነው የምትሄደው። እነዚያ የሚዘፍኑት ልጆች የት እንደሚሄዱ አስብ።»

«እንግዲያው የመምሪያ ኃላፊነቱን እርሺው።»

«ረሳሁት» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም። ግን አነጋገሬ ደስ አለኝ።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ቢንያም ቆሞ «ምስክሯ በድጋሚ ትጠየቃለች፤ ማን ይተረጉማል?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱ እንዲነሣ የሚጠብቅ ይመስላል። በመጨረሻ አንድ ወንበር ተንቋቋ። የተነሡት እነዚያ ሻምበል ነበሩ፤ ጠዋት «ፊታቸው ላይ ይታያል» ያሉት።

«እኔ እተረጉማለሁ» አሉ። ድምፃቸው ሰለል ያለ ነበር።

ጫልቱ ተመልሳ ስትገባ ፊቷ ተለውጧል። ችግር እንደተፈጠረ ገብቷታል፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ግን አልተነገራትም። «ሂን ሶዳቲን» አልኳት፤ አትፍሪ። «ያን ቀን የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ።»

ጫልቱ ያንኑ ቃል ደገመችው፤ አንድም አልጨመረችም፣ አንድም አላስቀረችም። ከዚያ ግን አላበቃችም። ወደ አቶ ታምራት አየት አድርጋ ሌላ ነገር ተናገረች። መኮንኖቹ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ።

ሻምበሉ መተርጎም ጀመሩ። «ይህ ጦርነት ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ የምንማረውን በደንብ እንያዝ ብለውናል ነው የምትለው።» እዚህ ላይ ቆሙ። ግንባራቸውን ጠረጉ፤ በዚያ ብርድ ላብ ነበር።

«ይቀጥሉ» አሉ ሻለቃ ጌታነህ። ከጠዋት ጀምሮ በአዳራሹ ውስጥ ሲናገሩ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

ሻምበሉ ቀና አሉ። «'ትናንት መምህሩ ምን እንደምል ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት አልችልም' ብላለች።»

ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አቶ ታምራት ሲጮህ፣ ምክትል አዛዡ ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ፣ ጫልቱ ቀጥ ብላ እንደቆመች፣ ይህን ብቻ አስታውሳለሁ። ቢንያም መኮንኖቹን አስወጣና ሦስታችን ቀረን።

«የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው» አልኩ ቀድሜ። «ሁለተኛውና ሦስተኛው ክስ ማስረጃ የላቸውም። የመጀመሪያውም እምቢታ አይደለም፣ ጊዜ መጠየቅ ነው። ኮሎኔሉ ሥልጠናውን ይጨርሱ።»

ቢንያም ወደ ሻለቃው ዞረ። «ሻለቃ፣ እርስዎ ወታደር ነዎት። ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም።»

ሻለቃ ጌታነህ ያቺን ሁለት ጣት የቀረች እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፏት። «እንደነዚህ ዓይነት ምልምሎች ለእኔም ተልከውልኝ ነበር» አሉ። «ማታ ደረሱ። ጠዋት ተተኮሰባቸው። አንድ ላይ ታጭቀው ነበር የሮጡት። የብዙዎቹን ስም ሳላውቅ ነው የቀበርኳቸው።» ከዚያ ወደ ቢንያም ዞሩ። «ትእዛዝ አውቃለሁ። አዛዥም አውቃለሁ። ይህ ሰው አዛዥ ነው። እኔ ከወይዘሮ ነጃት ጋር ነኝ።»

ቢንያም ብዙ አልተከራከረም። ድምፅ ሁለት ለአንድ ነው። የእሱን የተለየ ሐሳብ አስጻፈ፤ እኔም መብቱ ነው አልኩ። ከዚያ ሦስታችንም ፈረምን።

ጉሙ መንገዱን ስለዘጋው ያን ቀን መመለስ አልቻልንም፤ እዚያው አደርን። ጠዋት ስነሣ አውቶቡሶቹ በጭቃው እየተንገዳገዱ ወደ ጣቢያው ሲወጡ ደረስኩ። ሾፌሮቹ ሌሊቱን ነው የተነሡት። ኮሎኔሉ ራሳቸው ተቀበሏቸው፤ ሻይና ዳቦ አስቀረቡላቸው። «ዛሬ የምትጭኑት ሰው የለም፤ ብሉና በሰላም ሂዱ» አሏቸው። አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ዞረው በገብሱ መሐል ባዷቸውን ሲወርዱ ቆመን አየን።

ኮሎኔሉ ወደ እኔ መጡ። «አመሰግናለሁ አልልዎትም» አሉኝ። «ሥራዎን ነው የሠሩት።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ትናንት ሲናገሩ ፈርተው ነበር?»

«በጣም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። «ጥሩ ነው። ጨርሶ የማይፈራ ሰው አጠገቤ ሲቆም አልወድም፤ ያስፈጀኛል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። ቢንያም እንዳለው የመምሪያ ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔም መስኮት ወደሌላት ጠባብ ክፍል ተዛወርኩ፤ ለረጅም ጊዜ ይህ ነው የሚባል ሥራ አልተሰጠኝም። የሥራ ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስልካቸው ይደወልላቸው ጀመር። ከድር ግን አንድ ቀን እንኳ ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ሲሰማ ያለው «እንደማትችይ አውቄ ነው ዝም በይ ያልኩሽ» ብቻ ነው።

ምልምሎቹ ሥልጠናቸውን ጨርሰው ወደ ግንባር ሄዱ። ኮሎኔሉም እንዳሉት ራሳቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ሁሉም አልተመለሱም፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ጫልቱ ግን ተመልሳለች። ፈቃድ አግኝታ ወደ ኦጎልቾ ስታልፍ አሰላ ቤቴ ምሳ በላች። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጠባሳ ለልጆቼ አሳየቻቸውና «ደሙን ያቆምኩት እኔው ራሴ ነኝ» አለቻቸው። ልጆቼ ጠባሳውን በጣታቸው ሊነኩት ፈለጉ፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ኮሎኔሉ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ጋር አዳማ ይኖራሉ። የባለቤታቸው እናት በሕይወት መኖራቸውን መስመሩ ሲከፈት ሰምተዋል። ለኢድ ሳይደውሉልኝ ቀርተው አያውቁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ኮሎኔል ልትገመግሙ አትሄዱም። ነገር ግን አንድ ቀን በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ስለ ሆነ ሰው የተነገረ ነገር ተጣሞ ሲጻፍ ትሰማላችሁ። የሰማችሁት እናንተ ብቻ እንደሆናችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። በዚያ መጋዘን ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ሰው ቀድሞ እንዲናገር ነበር። እነዚያን ሻምበል አስቧቸው፤ ጠዋት በኮሎኔሉ ላይ በባዶ ሜዳ የመሰከሩት ሰው ከሰዓት በኋላ ላብ እያጠመቃቸው እውነቱን ተረጎሙ። ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም ዝም የሚለው፤ ቀዳሚ አጥቶም ነው። እኔ ያን ቀን ያደረግኩት አንድ ቃል ማረም ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየትኛውም ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ነው የምቀመጠው።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ አለቃችን ጠራኝ። አንድ የሚሊሻ አዛዥ ሊገመገም ነው፤ ከአካባቢው የሕግ ሰው ያስፈልጋል አለኝ። እኔም ቅድመ ሁኔታዬን ነገርኩት። ክሱን ቀድሜ አነባለሁ፣ ምስክሮቹን በየቋንቋቸው እሰማለሁ፣ ካልተስማማሁ ልዩነቴ ይጻፋል አልኩት። ሳቅ ብሎ «ስለ አንቺ ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ነው የጠራሁሽ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገና አላወቅኩም።

እህቴ ስትሰማ ተቆጣች። «አንዴ ተቃጥለሽ አልበቃሽም? አሞኛል በያቸው!» አለችኝ። እኔ ግን አስቤበታለሁ። አሞኛል ብል ግምገማው አይቀርም፤ ወንበሩም ባዶውን አያድርም፤ አንድ አቶ ታምራት ይቀመጥበታል።

ቦርሳዬን አዘጋጅቻለሁ። ጠዋት መኪናው በር ላይ ሲመጣ እሄዳለሁ።